ፓኬትህን የሚያጠፋው ምንድን ነው? ስህተት አራሚ ኮድ በሬዲዮ ላይ መቼ ይሠራል፣ መቼ አይሠራም

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ታናሽ ወንድማችሁ ነኝ። በ433 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ርካሽ የሬዲዮ ሞጁል አለኝ። የሙቀትና የእርጥበት ልኬት ከሩቅ እልክበታለሁ። ፍጥነቱ በሰከንድ 4800 ቢት፣ ፓኬቱ (አንድ ጊዜ የሚላከው የዳታ ጥቅል) 32 ባይት ነው። አንዳንዴ መላኪያውን መኪና ላይ አድርጌ እንቀሳቀሳለሁ። ርቀቱ ሲጨምር ብዙ ፓኬት ይጠፋል። ሃሚንግ የሚባል ስህተት አራሚ ኮድ ጨምርበት ተባልኩና 7 በ4 የሚባለውን ጻፍኩ። መጀመሪያ የሞጁሉን ሲአርሲ (የስህተት መፈተሻ) ሳላጠፋ ሞከርኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። ሳጠፋው ትንሽ ተሻለ፣ ግን አንዳንዴ የተሳሳተ ቁጥር ልክ መስሎ ይገባል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ላከውና በድምፅ ብልጫ ወስን አለኝ። የትኛው ኮድ ነው የሚያዋጣኝ?»

ወንድሜ፣ የመልሱ ግማሽ ጥያቄህ ውስጥ አለ። ሲአርሲው በርቶ ምንም አለመለወጡ፣ ሲጠፋ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር መግባቱ ብዙ ይናገራል። «የትኛው ኮድ?» ከማለትህ በፊት «ስህተቴ ምን ይመስላል?» በል። ሬዲዮ ላይ ኮድ የሚመረጠው በስህተቱ መልክ ነው። ይህን ሳያዩ ኮድ ሲጽፉ ወራት የፈጁ ሰዎች አውቃለሁ።

ከሲአርሲው እንጀምር። ሲአርሲ ስህተት መኖሩን ብቻ ነው የሚናገረው፤ አያርምም። የሞጁሉ ቺፕ ፓኬት ሲደርሰው ሲአርሲውን ያሰላል። አንዲት ቢት ከተበላሸች ፓኬቱን እዚያው ይጥለዋል። የአንተ ሃሚንግ ያለው ደግሞ ከቺፑ ጀርባ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚደርሰው ምንም ስህተት የሌለበት ፓኬት ብቻ ነበር። ቁስለኛው በር ላይ እየተመለሰ ሐኪሙ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። ይባስ ብሎ 32 ባይት የነበረው ፓኬት በሃሚንግ 56 ባይት ሆኗል። ረጅም ፓኬት ቢያንስ አንድ ቢት የመሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ አሠራር ኮዱ ጎጂ እንጂ ጠቃሚ ሊሆን አይችልም ነበር።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ዳታህ ላይ የራስህን ባለ 16 ቢት ሲአርሲ ጨምር። ከዚያ ዳታውንና ሲአርሲውን አንድ ላይ በአራሚው ኮድ ጠቅልል። ከዚያ ላክ። ተቀባዩ ጋ በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ይታረም፣ ከዚያ ሲአርሲው ይፈትሽ። የቺፑ ሲአርሲ ይጥፋ። ማጥፋትህ ልክ ነበር። የቀረህ የራስህን መጨመር ነው።

አሁን ወደ ተሳሳተው ቁጥር። ሃሚንግ 7 በ4 ለአራት የዳታ ቢት ሦስት ፓሪቲ (መፈተሻ ቢት) ይጨምርና አንድ ስህተት ያርማል። ሰባት ቢት 128 ዓይነት አደራደር አለው። ትክክለኛ የሚባሉት 16 ናቸው። እያንዳንዱ ትክክለኛ ቃል በአንድ ቢት የሚርቁት ሰባት ጎረቤቶች አሉት። ቃሉን ከነጎረቤቶቹ ስምንት ብለህ በ16 አባዛው፤ ልክ 128 ይመጣል። አንድም ባዶ ቦታ የለም። ይህ ማለት ዲኮደሩ (ኮዱን የሚፈታው ፕሮግራም) «አላውቅም» የሚልበት ዕድል የለውም። ሁለት ቢት ከተበላሸ በሙሉ ልቡ ሦስተኛ ቢት ይቀይርና ሌላ ትክክለኛ ቃል ይሰጥሃል። ከድጡ ወደ ማጡ። ያየኸው የተሳሳተ ቁጥር ይኸው ነው። ስምንተኛ የፓሪቲ ቢት ብትጨምርበት ሁለት ስህተት መኖሩን ይለያል፤ ያም ሆኖ የውስጥ ሲአርሲው የግድ ነው።

ሪቻርድ ሃሚንግ ይህን ኮድ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲያሳትም የቤል ላብራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ያስመረረው በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚነዳ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራው ኮምፒውተር ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ማንም በሌለበት ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲያ ባለ ማሽን ውስጥ ስህተት አልፎ አልፎ፣ ነጠላ ሆኖ ነው የሚመጣው። ኮዱ የተሰፋው ለዚያ ነው። ሬዲዮ ግን እንደዚያ አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይህ። ከ100 ቢት አንዱ ይሳሳታል እንበል፤ ስህተቶቹም የተበታተኑ ይሁኑ። ያለ ኮድ 256 ቢቱ ሁሉ ልክ ሆኖ የሚደርሰው ከ100 ፓኬት 8 ብቻ ነው። በሃሚንግ 88 ይደርሳል። ከ8 ወደ 88! ስህተትህ የተበታተነ ቢሆን ኖሮ ሲአርሲውን ባጠፋህ ቀን ለውጡ ዓይንህ ላይ ይፈነዳ ነበር። «ትንሽ ተሻለ» ካልክ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ስህተቶቹ በጅምላ ነው የሚመጡት፣ ወይ ፓኬቶቹ ከነጭራሹ አልታዩም።

ይህን ለመለየት አንድ ቀን ስጠው። ይዘቱን ቀድመህ የምታውቀው አንድ ዓይነት ፓኬት ደጋግመህ ላክ፤ 1000 ይሁን። ኮድም ሲአርሲም አይኑር። ያስተላለፍከውን ቁጥር ፓኬቱ ውስጥ አታስገባ፤ በሰዓት ቁጠር። ተቀባዩ የደረሰውን ጥሬ ቢት ሁሉ ይመዝግብ። ከዚያ ከትክክለኛው ጋር አነጻጽርና ልክ ለሆነው ቢት ነጥብ፣ ለተሳሳተው መስቀል አትም። አንድ ፓኬት በአንድ መስመር። ያንን ወረቀት ስታይ ብዙ ነገር ይገለጥልሃል።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲህ ሳትም መስቀሎቹ ሁሉ በየመስመሩ መጀመሪያ ተደርድረው አገኘኋቸው። ከሦስተኛው ባይት በኋላ ስህተት የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ርቀት አልነበረም። ተቀባዩ የሲግናሉን መሃል መስመር ለይቶ ሳይረጋጋ ዳታው ይጀምር ነበር። ፕሪአምብሉን፣ ማለትም ከዳታው በፊት የሚላከውን ማዘጋጃ ቢት፣ አራት ባይት አስረዘምኩት፤ አለቀ። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ከባድ ኮድ እየጻፍኩ ነበር። መስቀሎቹ ወደ መጨረሻው እየበዙ ከሄዱ ደግሞ የላኪና የተቀባይ ሰዓት እየተራራቀ ነው። ይህም በኮድ አይታከምም። ብዙ ዜሮ ወይም ብዙ አንድ ተከታትሎ ሲመጣ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ቢቶቹን ማደባለቅ፣ ማለትም ዋይትኒንግ ያስፈልግሃል። ብዙ ቺፕ ውስጡ አለው፤ ማብራት ነው፣ ዕዳው ገብስ ነው።

ጨርሶ ስላልደረሱት ፓኬቶች ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ተቀባዩ ፓኬት መጀመሩን የሚያውቀው በሲንክ ወርድ፣ ማለትም ከዳታው በፊት በሚላክ ቋሚ የቢት ቅደም ተከተል ነው። ሲንክ ወርዱ በኮድህ አይጠበቅም። እሱ ካልተገኘ ኮዱ የሚያርመው ነገር የለም። የቢት ስህተቱ 1 በመቶ ሲሆን 32 ቢት ሲንክ ወርድ ሙሉ በሙሉ ልክ ሆኖ የሚደርሰው ከ100 ጊዜ 72 ወይም 73 ያህሉን ነው። ሩብ የሚሆነው ፓኬት ኮዱ ጋ ሳይደርስ ይጠፋል ማለት ነው። ከ32ቱ ሁለት ቢት ቢሳሳትም ተቀበል ብትለው ግን 99.6 በመቶው ያልፋል። በባዶ ኖይዝ (በሬዲዮ ጩኸት) የመታለል አደጋውም በጣም ትንሽ ነው። ለምሳሌ ሲሲ1101 የሚባለው ቺፕ ከ32 ቢት 30ው ከገጠመ የሚቀበልበት ምርጫ አለው። አንድ ሬጅስተር (የቺፑን ማስተካከያ) መቀየር ብቻ ነው። ቺፕህ ይህ ምርጫ ካለው ከማንኛውም ኮድ በፊት እሱን አብራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ በጅምላ ስለሚመጣው ስህተት።

ሬዲዮ ሞገድ በአንድ መንገድ ብቻ አይደርስም። ከግድግዳ፣ ከመሬት፣ ከብረት እየነጠረ በብዙ መንገድ ይመጣል። መንገዶቹ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይጠፋፋሉ። ይህ ፌዲንግ ይባላል። በ433 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር ነው። የጠፋፉባቸው ጉድጓዶች በግምት በየ35 ሴንቲሜትሩ ይገኛሉ። መኪናህ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሄድ እነዚህን ጉድጓዶች በየ35 ሚሊሰከንዱ ገደማ ያቋርጣል። ቀጥታ የሚታይ መንገድ በሌለበት ቦታ፣ ሲግናሉ ከአማካዩ 10 ዲቢ (ዴሲቤል፤ ማለትም ከአማካይ ኃይሉ አንድ አሥረኛ) በታች የሚወርድበት ጊዜ በዚያ ፍጥነት በአማካይ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በ4800 ቢት ፍጥነት ይህ 44 ቢት ማለት ነው። 44 ቢት አንድ ላይ ሲታመስ ለሰባት ቢት አንድ ስህተት የሚያርም ኮድ ምን ይፈይዳል? ስድስት ሰባት ተከታታይ የሃሚንግ ቃሎች ይሞታሉ። የቀሩት ደግሞ ምንም የሚያርሙት የላቸውም። ጥበቃው ተበትኗል፤ ጠላት ግን በአንድ በር ነው የገባው።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ኢንተርሊቨር ነው። ቃሎቹን በረድፍ በረድፍ ትጽፍና በዓምድ በዓምድ ትልካለህ። መንገድ ላይ ተከታታይ ቢቶች ቢበላሹም ተቀባዩ መልሶ ሲያደራጃቸው በተለያዩ ቃሎች ላይ ይበተናሉ። የ56 ባይት ፓኬትህ 64 ቃል አለው። በ64 ረድፍ ብታደራጀው 64 ቢት የሚረዝም ጉዳት እንኳ ለእያንዳንዱ ቃል ከአንድ ስህተት በላይ አይደርሰውም። ኮዱን ሳትቀይር፣ አንድም ቢት ሳትጨምር! ዛሬ ማታ ልትሞክረው የምትችለው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛውና እኔ ለአንተ የምመርጠው ሪድ-ሶሎሞን ነው። ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ኮድ ነው። ቢት ሳይሆን ባይት ነው የሚቆጥረው። አንድ ባይት ውስጥ አንድ ቢት ቢበላሽም ስምንቱም ቢበላሹ ለእሱ አንድ ስህተት ነው። ለዚህ ነው ለጅምላ ጉዳት የሚስማማው። የተጫረ ሲዲ የሚጫወተው፣ ቮዬጀር 2 መንኮራኩር ከዩራነስና ከኔፕቱን ፎቶ የላከው በዚህ ኮድ እየታገዘ ነው።

ለአንተ ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል። 32 ባይት ዳታ፣ 2 ባይት ሲአርሲ፣ 16 ባይት ፓሪቲ። ድምሩ 50 ባይት። ከሃሚንግ 56 ባይት ያንሳል። 16 ፓሪቲ ስምንት ባይት የትም ቢሆን ያርማል። 57 ቢት የሚረዝም አንድ ጉዳት የትም ቢጀምር ከስምንት ባይት በላይ አይነካም። የመኪናህ አማካይ ጉድጓድ 44 ቢት ነበር፤ ገባ። በተበታተነ ስህተትም ቢሆን ያው 1 በመቶ ላይ ከ100 ፓኬት ከ98 በላይ ያልፋል። ሃሚንግ 88 ነበር። በትንሽ ባይት የበለጠ ጥበቃ አገኘህ። ሌላም ጥቅም አለው። የተበላሸው ባይት የት እንዳለ ከተነገረው ስምንት ሳይሆን 16 ያርማል። ፓኬቱ እየገባ ሳለ የሲግናሉን ጥንካሬ ማንበብ ከቻልክ፣ የወደቀበትን ቦታ «እነዚህን አትመናቸው» ብለህ ለዲኮደሩ ስጠው። ስሌቱ በትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ላይ ይሮጣል፤ ሁለት ትናንሽ ሠንጠረዦች ብቻ ነው የሚፈልገው።

ይህ ሁሉ ግን ለመኪና ነው። በእግርህ ስትሄድ ጉድጓዱ አሥር እጥፍ ይረዝማል። ወደ 90 ሚሊሰከንድ፣ ከ400 ቢት በላይ። ፓኬትህ ራሱ 400 ቢት ነው። ሙሉ ፓኬቱ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ የውስጥ ኮድም የውስጥ ኢንተርሊቨርም አያድነውም። ላኪው ቆሞ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ያኔ አንቴናውን አንድ 17 ሴንቲሜትር አንቀሳቅሰው። ሩብ ሞገድ መሆኑ ነው። ከየትኛውም ኮድ የበለጠ ለውጥ ልታይ ትችላለህ።

ስለ ጓደኛህ ምክር ደግሞ በቅንነት ልናገር። እያንዳንዱን ቢት ሦስት ጊዜ ልኮ በድምፅ ብልጫ መወሰን ደካማ ኮድ ነው። 1 በመቶ ስህተት በዚህ መንገድ ከ10,000 ቢት ወደ 3 ይወርዳል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የላክህበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ያንኑ ጊዜ ወስደህ ዝም ብለህ ቢቱን ሦስት እጥፍ ብታዘገየውስ? ኖይዙ ብቻ ጠላት በሆነበት ቦታ፣ በፌዝ ሞዱሌሽንና በጥሩ ተቀባይ ስህተቱ ከ100,000 ቢት ወደ 3 ይወርዳል። አሥር እጥፍ ይሻላል፣ ያለ አንድ መስመር ኮድ! ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድምፅ ብልጫው እያንዳንዱን ቅጂ ቀድሞ «ዜሮ» ወይም «አንድ» ብሎ ይፈርዳል። በጥርጣሬ የተፈረደውም በእርግጠኝነት የተፈረደውም እኩል ድምፅ አላቸው። የዘገየው ቢት ግን ጉልበቱን ሁሉ ሰብስቦ አንዴ ነው የሚፈረደው።

ስለዚህ 4800 ፍጥነት የግድ ካልሆነ ወደ 1200 አውርደው። የተቀባዩን ባንድዊድዝም (የሚያዳምጠውን የፍሪኩዌንሲ መስኮት) አብረህ አጥብብ፤ አለበለዚያ የምታገኘው ጥቅም ይቀንሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ክሪስታልህ በሚሊዮን 20 የሚስት ከሆነ በ433 ሜጋ ኸርዝ ወደ 8.7 ኪሎ ኸርዝ ይስታል። ላኪና ተቀባይ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሳቱ 17 ይደርሳል። መስኮቱን ከመሃሉ ወደ እያንዳንዱ ጎን ከዚያ በታች ካጠበብክ ሲግናሉ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል። ፍጥነቱን ስትቀንስ አንድ ጉድጓድ የሚነካው የቢት ቁጥርም ይቀንሳል፤ ፓኬቱ ደግሞ በጊዜ ስለሚረዝም ብዙ ጉድጓድ ያቋርጣል። ይህንንም በወረቀትህ ላይ እየው።

ጓደኛህ ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ። ሦስቱን ቅጂ በተለያየ ሰዓት ከላክህ፣ ለምሳሌ በየሁለት ሰከንዱ፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ሌላው ሊያመልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ቢት በቢት ድምፅ አትቁጠር። ሲአርሲው ልክ የሆነውን አንድ ቅጂ ውሰድ፤ ይበቃል።

ከላይ የጠቀስኩት የጥርጣሬ ነገር በዘርፉ ትልቅ ስም አለው፤ ሶፍት ዲሲዥን ይባላል። ዲኮደሩ ከዜሮና ከአንድ ይልቅ «ምናልባት አንድ»፣ «በርግጥ አንድ» የሚል መረጃ ሲያገኝ ወደ 2 ዲቢ ያህል ይተርፋል። ይህ የመላኪያ ኃይልህን አንድ ተኩል እጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ኮንቮሉሽናል ኮድና እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የቪተርቢ ዲኮደር ለዚህ የተመቹ ናቸው። ችግሩ ርካሽ ሞጁሎች የሚሰጡህ የተፈረደውን ቢት ብቻ መሆኑ ነው። የሶፍትዌር ሬዲዮ ካለህ ግን በዚህ መንገድ ሂድ።

ተርቦ፣ ኤልዲፒሲ፣ ፖላር የሚባሉትን ኮዶችም ሳትሰማ አትቀርም። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳየውን፣ ያለ ስህተት ማስተላለፍ የሚቻልበትን የመጨረሻ ወሰን የተጠጉት እነሱ ናቸው። አምስተኛው ትውልድ ሞባይል ለዳታው ኤልዲፒሲ፣ ለመቆጣጠሪያው ፖላር ይጠቀማል። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የሚወዱት ኤፍቲ8 ደግሞ 77 ቢት መልእክት ላይ 14 ቢት ሲአርሲ ይጨምርና በኤልዲፒሲ ወደ 174 ቢት ያሳድገዋል። ይህን በ12.64 ሰከንድ ያስተላልፋል። በ2500 ኸርዝ ውስጥ ካለው ኖይዝ 20 ዲቢ ያህል ዝቅ ያለ ሲግናል ይፈታል። ጆሮ ምንም አይሰማም፤ መልእክቱ ግን ይነበባል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ልብ በል፤ ትልቁ ድርሻ የመዘግየቱ ነው። 77 ቢት ለ12 ሰከንድ! ኮዱ የቀረውን ያሟላል። አንተ ለ32 ባይት እዚህ ድረስ መሄድ አያስፈልግህም።

ምናልባት ሞጁሉን ቀይረህ ሎራ የሚባለውን የረጅም ርቀት ሬዲዮ ልትገዛ ካሰብክ አንድ ነገር እወቅ። 4/5 እና 4/6 የሚባሉት የኮድ ምጣኔዎች ስህተት መኖሩን ይለያሉ እንጂ አያርሙም። ማረም የሚጀምረው ከ4/7 ነው። ብዙ ሰው 4/5 ላይ አድርጎ «ኮድ አለኝ» ይላል። የሎራ ትልቁ ጉልበት ያለው ስፕሬዲንግ ፋክተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱን ምልክት በጊዜ ማርዘሙ ላይ ነው።

በመጨረሻ፣ ሞጁልህ መላክም መቀበልም ይችላል? ከቻለ ቀላሉን መንገድ አትናቅ። ተቀባዩ «ደርሶኛል» ይበል፤ መልስ ካልመጣ ላኪው ደግሞ ይላክ። ከአምስት ፓኬት አንዱ ቢጠፋና ሙከራዎቹ ካልተያያዙ፣ በሁለት ሙከራ የሚጠፋው 4 በመቶ፣ በሦስት ሙከራ 0.8 በመቶ ነው። ሙከራዎቹ እንዳይያያዙ በመሃላቸው ቆይ፤ ቆይታህም እኩል አይሁን። ለሙቀት ልኬት ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። አራሚ ኮድ የግድ የሚሆነው መመለሻ መንገድ ሲጠፋ ወይም ድጋሚ የተላከውም እየተበላሸ ሲያስቸግር ነው።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ይሆን ነበር፦ ወረቀቱን አትም፣ ሲንክ ወርዱን አላላ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ሪድ-ሶሎሞኑን ከውስጥ ሲአርሲው ጋር አስገባ። ወረቀቱ ላይ የመስቀሎቹን አቀማመጥ ካየህ በኋላ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ከስንት ፓኬት ስንቱ እንደደረሰና ረጅሙ የመስቀል ሰልፍ ስንት ቢት እንደሆነ ንገረኝ። 16 ፓሪቲ ይብዛብህ ወይም ይነስህ እንደሆነ ያኔ አብረን እናሰላዋለን።